ከኋላ ጎማ ሥር የነበረው ድንጋይ

ሮም ያለው አበሻ ገብረሃናን በሁለት ነገር ነው የሚያውቀው፤ በዝምታውና የወታደር መኪና በመግዛቱ። ሰው እዚህ አገር ለፍቶ ለፍቶ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፣ ለወንድሙ ሚኒባስ ይልካል፣ ቢቀር ቢቀር ለራሱ ጥሩ ካፖርት ያጠልቃል። እሱ ግን የኢጣሊያ ጦር ሠላሳ ዓመት ነድቶ የጣለውን ባለ ስድስት ጎማ ከባድ መኪና፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ሣር የሆነውን፣ ገዝቶ አቆመ። «ምን ሊጭንበት ነው?» ተባለ። ምንም። «አድሶ ሊሸጠው ይሆናላ?» የለም፣ አይሸጥም። ይህን የሰማ ሁሉ ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ እያሽከረከረ ያልፋል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት የኛ ሰዎች ቡና ቤቶች ውስጥ ስሙ ሲነሣ «ጄኔራሉ» ነው የሚሉት። አይ የኛ ሰው፣ ስም ለማውጣት ማን ይችለዋል።

ገብረሃና ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያመላልስ ፉርጎኔ፣ ዝግ የዕቃ መኪና፣ ይነዳል። ሚስቱ ጽገረዳ ፕራቲ ሰፈር ውስጥ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሲኞራ ታስታምማለች። ልጅ አልወለዱም፤ ቼንቶቼሌ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሰው «እንዴት ዝም ትይዋለሽ? ገንዘባችሁን በብረት ጨረሰው እኮ» ሲላት ጽገረዳ «ደስ ይበለው» ብላ ነገሩን ትቆርጠዋለች። ለማንም ያልነገረችው ምክንያት ነበራት። ባሏ በእንቅልፉ ይጮሃል። ከተጋቡ ጀምሮ ሲጮህ ነው የኖረው፤ ምን እንደሚያይ ጠይቃው «እንጃ» ከማለት ሌላ መልስ አግኝታ አታውቅም። መኪናዋን ሲሠራ የዋለ ቀን ግን እጁ ናፍጣ እንደሸተተ ይተኛል፤ እስኪነጋም ትንፍሽ አይል። ለዚህች እንቅልፍ ስትል መርከብም ቢገዛ አትናገረውም ነበር።

መኪናዋ የምትቆመው ከአሥራ አራት ቁጥር ትራም መጨረሻ ሃያ ደቂቃ በእግር ተሂዶ፣ ድሮ እብነ በረድ ይቆረጥበት በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ አጥር ያዘቀዝቃል። እዚያ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰዎች ቱታ ለብሰው ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ሰው ኪዳነ ነው።

ኪዳነ አስመራ ተወልዶ እዚያው በአማርኛ የተማረ፣ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ፒኜቶ ሰፈር ከሴት ልጁ ከሊዋም ጋር ይኖራል። ከገብረሃና ጋር የተዋወቁት ከስምንት ዓመት በፊት ትራም ላይ ነው። ገብረሃና በጋዜጣ የጠቀለለው አሮጌ ፊልትሮ፣ የናፍጣ ማጣሪያ፣ ጭኑ ላይ ናፍጣ እያንጠባጠበበት ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ትንሽ አየውና «ይሄ የትንሽ መኪና አይደለም» አለው፣ በአማርኛ። ገብረሃና ስለ መኪናዋ ነገረው። ኪዳነ መውረጃው ሲደርስ አልወረደም። «አሎራ፣ እንያት እስቲ» አለ። እስከ መጨረሻው አብረው ሄዱ፤ ኪዳነ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ኮቱን አውልቆ ሥሯ ገባ። ሁለቱም ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ እያሉ በጋራዥ ቋንቋ ያደጉ ስለሆኑ ብዙ ማውራት አላስፈለጋቸውም።

የኪዳነ አሠራር የራሱ ነው። ቁልፍ ተጠቅሞ ሳይወለውል አይመልስም። የሰልባቲዮውን፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያውን፣ ክዳን ካጠበቀ በኋላ በመዳፉ ሁለቴ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ ለምን ሲባል «ልማድ ነው» ይላል። ታኮውስ? ገብረሃና ጎማ እንዳይንከባለል የሚደገፉ ሁለት የእንጨት ታኮዎች በቢጫ ቀለም ቀብቶ አሳምሮ ሠርቶ ነበር። ኪዳነ አየት አደረጋቸውና «እንጨት ዘይት ከነካው ይንሸራተታል» አለ። በሳምንቱ መንገድ ሲቆፈር የተጣለ ጥቁር ድንጋይ፣ አሥራ አምስት ኪሎ የሚሆን፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣና ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሄድ ሁልጊዜ ያንን ድንጋይ በተረከዙ አንድ ጊዜ ገጨት አድርጎ፣ መጥበቁን አይቶ ነው የሚወጣው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም መኪናዋ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ግራሶ ሲቀቡ፣ ኪዳነ ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሣ «ታላቅ ወንድሜ ተስፋልደት ሾፌር ነበር፣ በረሃ፣ ከታጋዮቹ ጋር» አለ። ግራሶውን እየቀባም «አውሮፕላን መትቶት ከነመኪናው ነው የተቃጠለው» አለ። ገብረሃና ምን ይበል? እሱ በዚያው ዘመን በሌላው ወገን፣ በመንግሥት ጦር ውስጥ፣ ከባድ መኪና ሲነዳ የነበረ ወታደር ነው፤ ኪዳነም ይህን ያውቃል። «ነፍስ ይማር» አለና ጨርቅ አቀበለው። በዚሁ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ጦርነት የሚባል ነገር በመሀላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ተማምለውበት አይደለም፤ ሁለቱም እየተጠነቀቁ ነው የኖሩት።

የመኪናዋ የናፍጣ ፖምፓ ከገበያ የጠፋ ዕቃ ነበር። ኪዳነ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያፈላልግ ቆይቶ፣ አብሩዞ ተራራ ላይ አንድ የወዳደቀ መኪና የሚፈታታ ሽማግሌ ዘንድ አገኘውና በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት በአውቶቡስ አመጣው። ሲገጥሙት ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ገብረሃና ያን ቀን አለቀሰ። ኪዳነ እንዳላየ ሆኖ ክዳኑን ሲያጠብቅ ዋለ።

ባለፈው ኅዳር መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ትነሣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትጠፋለች። አየር ይሁን ፊልትሮ አልታወቀም። ገብረሃና ነገሩ ከነከነው፤ ምግብ ቀነሰ፣ እንቅልፍ አጣ፣ የድሮው ጩኸትም ተመለሰ። አንድ እሑድ ጽገረዳ «ዛሬ እኔም ልያት» ብላ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንደለበሰች አብራው መጣች። ኪዳነ ያን ቀን ሥራ ነበረው። ገብረሃና ቱቦ ማሰሪያ ሊገዛ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ ሚስቱ መኪናዋን ተደግፋ እጆቿን አጣምራ ቆማ አገኛት። «ትድናለች» አለችው። ሳቀባት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፉን ሲያዞር ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ አንድ የብረት መፋተግ ድምፅ ተሰማና ሞተሩ ቀጥ አለ። ከኪዳነ ጋር ሆነው ፖምፓውን ፈቱት። ውስጡ ውሃ ነው። ስስ የሆኑት ብረቶች ተነካክሰው ቀርተዋል።

«ባለፈው ቅዳሜ ናፍጣውን የቀዳኸው አንተ ነህ» አለ ገብረሃና።

«እኔ ነኝ።»

«ክዳኑን አልዘጋኸውም።»

«ዘግቼዋለሁ ገብሬ። እንደ ሁልጊዜው።»

«ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ጣሪያው እንደሚያፈስ እያወቅክ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ እያየህ።»

ኪዳነ ፖምፓውን በእጁ ይዞ ሲያገላብጠው ቆየ። «ቫ ቤኔ፣ ተወው» አለ ረጋ ብሎ። «ወስጄ አጥበዋለሁ። ካልሆነም ሌላ እፈልጋለሁ።»

የገብረሃናን ደም ያፈላው ይህ እርጋታ ነው። ስምንት ዓመት፣ አሥር ሌሊት ያልተኛ ዓይን፣ የሞተው ፖምፓ፣ ሁሉም ተደራርበው መጡበትና አፉ ቀደመው። «ድሮስ እናንተ መኪና ማቃጠል እንጂ መጠበቅ መች ታውቁበታላችሁ» አለ።

ቃሉ እንደወጣ እሱም ሰማው። ኪዳነ ፖምፓውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወለወለና በየቦታቸው መለሰ። ቱታውን አውልቆ አጣጠፈ። ሊወጣ ሲል ድንጋዩን በተረከዙ ገጨት አደረገና መጥበቁን አይቶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት አልመጣም። ገብረሃና ስልኩን እያነሣ ያስቀምጠዋል። «ውሃ ያስገባው እሱ፣ የሚያኮርፈው እሱ፤ ይደውላ» ይላል ለራሱ። እስቲ አሁን፣ የሰው ወንድም አመድ ላይ ረግጠህ ስታበቃ ይደውል ይባላል? እሱም ቢሆን ጠፍቶት አይደለም። ኩራት ይዞት ነው፤ ከኩራቱ ሥር ደግሞ እፍረት አለ።

በአራተኛው እሑድ ሰልባቲዮውን ሊያጥብ ናፍጣውን በመስታወት ዕቃ እየቀዳ አጠለለ። ውሃው ከታች ረግቶ ቁጭ አለ። ለካው፤ ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ለጣሪያ ጠብታ ይህ በዛ፤ ሾፌር ነውና ጠረጠረ። ውጪ ዝናብ ይዘንባል፤ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ተመለከተ። የሚያፈሰው በቀኝ በኩል ነው። ሰልባቲዮው ግን በግራ ነው። በዚያ በኩል ወለሉ እንኳ ደረቅ ነበር። ጨርቅ ሊፈልግ ጋቢና ወጥቶ ከመቀመጫው ጀርባ እጁን ሲሰድ አንድ ባዶ ሃይላንድ አገኘ፤ ባለ ሁለት ሊትር፣ አንገቱ ላይ ነጭ ክር የታሰረበት። ይህን ጠርሙስ ያውቀዋል። በሰኔ ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዳቸው በሻንጣዋ ያመጣችው ጸበል ነው። ቤታቸው ከሥዕሉ ሥር ነበር የሚቀመጠው።

ቤት ሲገባ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ጽገረዳ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የት ጨመርሽው ጽጌ?»

«ናፍጣ በሚሸተው ክዳን በኩል» አለች። «ላይ ላዩን ብቻ ልረጫት አስቤ ነበር። ደግሞ በሽታዋ ከውስጥ ነው ስትል ሰማሁ። ከውስጥ ለታመመ ይጠጣል እንጂ ይረጫል እንዴ? አንተ አትተኛም። እሷ ከዳነች ትተኛለህ ብዬ ነው።» ፊቱን ስታይ ደነገጠች። «ምን አደረግኩ? ጎዳኋት?»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። አልቻለም። ሲኞራዋን ከአልጋ ስታነሣና ስታስተኛ የከረመች እጇን አየ፤ ለሷ ብርቅ የሆነውን፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ጸበል በሙሉ ለሱ እንቅልፍ ብላ ብረት ውስጥ ማፍሰሷን አሰበ። ተቀመጠና ነገሩን ሁሉ፣ ኪዳነን ያለውንም ቃል ሳይቀር ነገራት። ጽገረዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ ሄጄ ልንገረው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ውሃው ያንቺ ነው። አፉ ግን የኔ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይዘህ ሂድ።»

«ሽማግሌ ምን ብለህ አስቀየምከው ብሎ ይጠይቀኛል። ያንን ነገር ሌላ ሰው ፊት ልድገመው?»

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀና በጠዋት ግቢው ሄደ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ ሁለቱን የእንጨት ታኮዎች ከፊትና ከኋላ መትቶ አጠበቀ። ከዚያ ተንበርክኮ ጥቁሩን ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር አወጣው። ለስምንት ዓመት ከተቀመጠበት ሲነሣ ወለሉ ላይ ቦታው ንጹሕ ሆኖ ታየ። በጆንያ አድርጎ ትራም ተሳፈረ። ጭኑ ላይ ይዞት ነው የሄደው፤ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ጆንያውን አይታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

ሰኞ ኪዳነ ዕረፍት ነው፤ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ድንጋዩን አወጣና ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ በሁለት እጁም ደገፈው። አገር ቤት የበደለ ሰው እንደሚያደርገው አንገቱን ደፋ። ደወሉን በክርኑ ነው የተጫነው።

የከፈተችው ሊዋም ናት። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። «ጋሼ ገብሬ፣ ምን ሆነው ነው? ይግቡ፣ ያውርዱት ልርዳዎት» አለችና ሊያወርድ አለመፈለጉ ሲገባት ወደ ውስጥ ተጣራች፤ «ፓፓ፣ ና እስቲ።»

ገብረሃና የሚታየው ወለሉ ብቻ ነው። የኪዳነ ነጠላ ጫማ መጣና ከፊቱ ቆመ። በልማዱ ከሆነ የተበደለው ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ያወርዳል። ኪዳነ እጁን አልዘረጋም።

«ውሃው የጽገረዳ ነው» አለ ገብረሃና። «ጸበል ነው። እንድትድን ብላ። አንተ ክዳኑን ዘግተኸው ነበር።»

«እንደዘጋሁት አውቃለሁ» አለ ኪዳነ። «ድንጋይ የተሸከምከው ለክዳኑ ነው?»

«አይደለም።»

ኪዳነ ልጁን በትግርኛ አንድ ነገር አላት፤ ሊዋም ወደ ክፍሏ ገባች። ገብረሃና ለሠላሳ ምናምን ዓመት ለሚስቱ ያልነገረውን፣ ለንስሐ አባቱ ሦስት ጊዜ ጀምሮ የተወውን፣ ወለሉን እያየ መናገር ጀመረ።

«በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ስናፈገፍግ፣ መኪናዎቹን አቃጥሉ የሚል ትእዛዝ መጣ። በናንተ እጅ እንዳይገቡ። የኔዋ ምንም አልሆነችም ነበር፤ ደህና ትሄዳለች። ግማሽ ሰልባቲዮ ናፍጣ ነበራት። መንገዱ ተዘግቷል አሉ። ተዘግቶም ይሆናል፤ እኔ ሄጄ አላየሁም። ቁስለኞች ነበሩ፣ የኛው ልጆች። ይጭነናል ብለው ዙሪያዋን ተኝተዋል። ናፍጣውን ቀዳሁና ጋቢናው ላይ አፈሰስኩ። ክብሪት ጫርኩ። አንድም ሰው አልጮኸብኝም ኪዳነ። ዝም ብለው ነው ያዩኝ። ከዚያ እኔ በእግሬ ሄድኩ።»

ከታች መንገዱ ላይ ሞተር ሳይክል አለፈ።

«ስንት ነበሩ?» አለ ኪዳነ።

«ማን ይቆጥራል እንደዚያ ባለ ሰዓት» አለ ገብረሃና። ከዚያ ግን ቁጥሩን ተናገረ። «አሥራ አንድ።»

እጁ ስለዛለ ድንጋዩ ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ መልሶ አስተካከለው። «መኪና ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የራሴን አንተ ላይ ነው የጣልኩት። ወንድሙ በእሳት የሞተበት ሰው ላይ። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት። ባትለኝም አልፈርድብህም።»

ነጠላ ጫማዎቹ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ኪዳነ ሲናገር ድምፁ የጋራዥ ድምፁ ነበር፤ ብረት ተፈትቶ ሲመረምር የሚያወጣው፣ ቁጣም ማባበልም የሌለበት።

«የልጆቹን ነገር እኔ ከላይህ ላወርድልህ አልችልም» አለ። «አሥራ አንዱ ናቸው የሚችሉ። ድንጋዩ ግን የኔ ነው፤ አምጣው።»

ሁለት እጆች መጡና ክብደቱን ከማጅራቱ አነሡለት። ገብረሃና ቶሎ ቀና ማለት አልቻለም። እንዳጎነበሰ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ፣ እንደዚያ ፖምፓው የተገጠመ ቀን። ኪዳነም እንደዚያን ቀን እንዳላየ ሆነ። ድንጋዩን በደረቱ አቅፎ አገላበጠው፤ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በጣቱ ፈገፈገ።

«እሷስ በምን ቆማለች?» አለ።

«በእንጨቶቹ።»

«ወለሉ ዘይት አለበት እኮ ገብሬ።»

«ማርሽም አስገብቻለሁ።»

ኪዳነ ራሱን ነቀነቀ። ጫማውን አደረገ፤ ኮቱን ከበሩ ጀርባ አነሣ። ለሊዋም «መጣሁ» ብሏት ወጡ። ትራም ውስጥ ድንጋዩን ኪዳነ ነው የያዘው። ገብረሃና ጆንያውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከአጠገቡ ተቀመጠ።

መኪናዋ እንደቆመች ናት። ከኋላ ያለው እንጨት ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራትቷል። ኪዳነ አየው። ተንበርክኮ ድንጋዩን የድሮ ቦታው ላይ፣ ወለሉ ንጹሕ በሆነበት፣ ሸጎጠው። ተነሣና ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን ፖምፓ ገለጥ አድርጎ ተመለከተ።

«ዛሬ አንነካውም» አለ። «ቅዳሜ።»

ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ቃል ያን ቀን አላለም፤ ከዚያ ወዲህም ሲለው የሰማ የለም። ሊወጡ ሲሉ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ፣ ድንጋዩን በተረከዙ አንድ ጊዜ ገጨት አደረገ፣ መጥበቁን አየና መብራቱን አጠፋ።